ሰማያዊዋ በርሜል

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወግ ይዣለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ነገሩ የተጀመረው በእነርሱ አገር ነውና። እኛ ደጅ የሚደርስበት ጊዜ ሲመጣ አስታውቃችኋለሁ።

ኒው ዮርክ፣ ጁላይ 23 ቀን 1985። ሊንከን ሴንተር ውስጥ እንግዳው አምሮበት ተሰብስቧል። መድረኩ ላይ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል ተቀምጦ ዘፋኟን ዴቢ ሃሪን ይሥላታል። ሸራ የለም፣ ቀለም የተነከረ ብሩሽ የለም። እጁ ያረፈው ማውስ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አሚጋ ይባላል፤ ያቀረበው ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ ነው። የቢሮ ኮምፒውተር ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ፊደል በሚደረድርበት በዚያ ዘመን ይሄኛው ከ4096 ቀለማት እየመረጠ ይሥላል፣ በስቴሪዮ ያዜማል፣ ሁለት ሦስት ሥራ በአንዴ ይዞ አይደናገረውም።

ኮሞዶር ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ከጥገና ቤት ነው የመጣው። መሥራቹ ጃክ ትራሚል ፖላንድ፣ ሎጅ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ከአውሽቪትስ በሕይወት ወጥቶ አሜሪካ ገባ፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ የጽሕፈት መኪና መጠገን ተማረ፣ ከዚያም ኒው ዮርክ ላይ የራሱን መጠገኛ ከፈተ። ጽሕፈት መኪናው ካልኩሌተር ወለደ፣ ካልኩሌተሩ ኮምፒውተር ወለደ። አሚጋ መድረክ ላይ ሲወጣ ሰውየው ከኩባንያው ተለያይቶ ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር። ብቻ ያ ቤት የተመሠረተው የተበላሸ ነገር ከፍቶ በማየት እንደነበር ያዙልኝ።

በ1987 ኮሞዶር ሁለት ማሽኖች አወጣ፤ አሚጋ 500 ለቤት፣ አሚጋ 2000 ለሥራ። የ2000 የመጀመሪያ ንድፍ የተሠራው ጀርመን፣ ብራውንሽቫይግ ከተማ ነው። ትልቅ የብረት ሳጥን፣ ሆዱ ውስጥ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት ሰፊ ቦታ። ሰዓትም አለው። ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ቀኑን የሚቆጥር ቺፕ። ለዚህ ቺፕ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ነገር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ቦርዱ ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ አንዲት ባትሪ በሊድ ተበየደች።

እንግዲህ የወጋችን ባለቤት እርሷ ናት። ቅርጿ የበርሜል ነው፣ ልብሷ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው፣ ቁመቷ ከአውራ ጣት አይበልጥም። በውስጧ ሦስት የኒኬልና ካድሚየም ሴሎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት፣ ሲደመሩ 3.6። ይህን ዓይነት ባትሪ የፈለሰፈው ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር ነው፣ በ1899። ማሽኑ ሲበራ ትሞላለች፣ ሲጠፋ ለሰዓቱ ታካፍላለች። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ሰው ባትሪ ስለ መቀየር እንዳያስብ ብለው ነው የበየዷት። በዚያ ጊዜ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ ይገዛል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቆይቶ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ይኖራል ብሎ ማን ጠረጠረ?

አሚጋ 2000 ደህና ዕድሜ ሠራ። በ1990 ኒውቴክ የተባለ ኩባንያ ቪዲዮ ቶስተር የሚባል ካርድ አወጣለትና ትንንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያን ጊዜ ውድ በሆነ መሣሪያ ብቻ የሚሠራውን የሥዕል ቅንብር በእርሱ መሥራት ጀመሩ። ባቢሎን 5 የተባለው የጠፈር ድራማ የመጀመሪያ ፊልሙ የታየው በ1993 ነው፤ መርከቦቹ የተሣሉት በተያያዙ አሚጋ 2000ዎች ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የግራንድ ራፒድሱ ነው። ሚሺጋን ውስጥ፣ በዚያች ከተማ፣ አንድ አሚጋ 2000 ከ1980ዎቹ ጀምሮ የ19 ትምህርት ቤቶችን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሲቆጣጠር ኖረ። በ2015 ገና ሥራ ላይ እንዳለ በዜና ተነገረ። ኮሞዶር ራሱ በኤፕሪል 1994 ከስሮ ከተዘጋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር!

የቀሩት ማሽኖችስ? የቀሩት ተከበሩ። አዎ፣ ተከበሩ ነው ያልኩት። ባለቤቶቻቸው ሊጥሏቸው አልጨከኑም፤ በካርቶን አድርገው፣ አቧራ እንዳይነካቸው በላስቲክ ጠቅልለው፣ ምድር ቤት ወይም ጣሪያ ሥር አስቀመጧቸው። ጥፋቱም የጀመረው እዚያ ነው። ማሽኑ ከጠፋበት ቀን ጀምሮ በርሜሏ መስጠት እንጂ መቀበል የለም። ሰዓቱ ቀስ እያለ አሟጠጣት። ሦስቱ ሴሎች እኩል አያልቁም፤ ደካማዋ ቀድማ ባዶ ስትሆን የቀሩት ሁለቱ በእርሷ በኩል እያሳለፉ በተቃራኒው ይገፏታል። ያን ጊዜ ውስጧ ጋዝ ይፈጠራል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ጎማ መድፈኛዋም ከእርጅና ጋር ይሸነፋል። ቢበራም ባይበራም እርጅና መምጣቱ አይቀርም፤ የተቀመጠው ላይ ግን ይፈጥናል፣ ደግሞም ማንም አያየውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ባትሪ ፈሰሰ ሲባል ሁላችንም የምናስበው አሲድ ነው። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው በእርግጥ አሲድ ነው፣ ሰልፈሪክ አሲድ። ሲፈስበት ቤኪንግ ሶዳ የሚነሰንስበት የጋራዥ ሰው ልክ ነው። የበርሜሏ ሆድ ውስጥ ያለው ግን የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ኃይለኛ አልካሊ። ፖታሲየሙ እኛው አገር ዳሎል ካለው ፖታሽ ጋር አንድ ንጥረ ነገር ነው። ቤኪንግ ሶዳ ራሱ አልካሊ ስለሆነ እዚህ አይረዳም። ኃይሉን የሚሰብረው አሲድ ነው፤ በየወጥ ቤቱ ያለው አቼቶ።

ነገሩን ለማወሳሰብ ያህል፣ የድሮዎቹ የአፕል ማኪንቶሽ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው 3.6 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ሌላ ዘር ነው። እርሱ ሲፈነዳ የሚተወው አሲዳማ ነው፣ ማኪንቶሹንም የውስጥ ብረቱን ጭምር ይበላዋል፤ እዚያ ላይ የሚረዳው ቤኪንግ ሶዳ ይሆናል። ገጠር እያለን ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አንዳንዴም በጥርስ ነክሰን፣ አንድ ሁለት ምሽት ዜና የምንሰማበት የቆየው የራዲዮ ድንጋይ ደግሞ ዚንክና ካርቦን ነው፣ ሌላ ጉዳይ። ስለዚህ መጀመሪያ የባትሪውን ዘር እወቁ፣ መድኃኒቱን ከዚያ በኋላ ምረጡ።

ወደ በርሜሏ እንመለስ። ፈሳሹ ወጣ። ቢደርቅ ጥሩ ነበር፣ ግን አይደርቅም፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ራሱን ያርሳል። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወስድና ነጭ ቅርፊት ይሆናል፤ ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። ዳገት አያግደውም። በጣም ጠባብ በሆነ ክፍተት ሁሉ እየተሳበ ይገባል፤ በቺፑ እግር ላይ ወደ ሶኬቱ ይወጣል፣ በቦርዱ ቀዳዳዎች አልፎ ማዶ ይሻገራል፣ አረንጓዴው ሽፋን ሥር ገብቶ ይጓዛል። በተለይ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ጋር የተያያዘ መዳብ ላይ መሳብ ይወዳል፤ ኔጌቲቩ ደግሞ ከቦርዱ ሰፊ መዳብ፣ ከግራውንዱ ጋር የተገናኘ ነው። የቦርዱ መስመር ውፍረት ብዙውን ጊዜ 0.035 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ስስ መዳብ ለመጨረስ የቸኮለ የለም፤ ዓመታት አሉት።

አሁን ጠጋኙን ላምጣው። ስም አልሰጠውም፤ ይህ ወግ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ በየአገሩ ባሉ ጠረጴዛዎች ላይ ሲደጋገም የኖረ ነው። ማሽኑ ጀርመን ውስጥ ከአንድ ምድር ቤት የወጣ አሚጋ 2000 ነው እንበል። ሻጩ «ድሮ ይሠራ ነበር» ብሎታል። ሁሉም ሻጭ እንዲህ ይላል።

ጠጋኙ ክዳኑን ፈታ። ልብ በሉ፣ አላበራውም። የፈሰሰው ነገር ሁለት መስመር አገናኝቶ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ መልቀቅ የተረፈውንም ማቃጠል ነው። የዲስክ ማቀፊያውንና ፓወር ሳፕላዩን አንስቶ ቦርዱን አወጣውና በመብራት አየው። በርሜሏ ወገቧ ላይ ነጭ ጨው አብቅላለች። ዙሪያዋ ያለው አረንጓዴ ሽፋን አብጧል፣ ከሥሩ ያሉት መስመሮች ጠቁረዋል። ፕሮሰሰሩ፣ ሞቶሮላ 68000፣ ባለ 64 እግሩ ረጅም ቺፕ፣ በበርሜሏ በኩል ያሉት እግሮቹ ሰማያዊና አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። ከጎኑ ያለው ባለ 86 ፒን የፕሮሰሰር ካርድ ማስገቢያም አልተረፈም።

ፎቶ አነሳው። ከተፈታ በኋላ የቱ ሪዚስተር የት ነበር እያሉ መጨነቅ አለና ፎቶ ይቅደም። ጓንት አደረገ፣ መነጽር አደረገ፤ አልካሊው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ላይ ደግሞ ጨርሶ የማይቀለድበት ነው። በመቁረጫ ፒንሳ የበርሜሏን እግሮች ቆርጦ አወጣት፣ በላስቲክ ከረጢት አሰራት። ካድሚየም መርዝ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው የባትሪ ሕግ ከአብዛኛው የእጅ ዕቃ ባትሪ ውስጥ እንዲወጣ ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ቀጥሎ ፕሮሰሰሩን ከሶኬቱ ቀስ አድርጎ ከሁለት ጫፍ እያነሳ ሊነቅለው ሞከረ። ቺፑ ወጣ፣ ሁለት እግሮቹ ግን ሶኬቱ ውስጥ ቀሩ። ይህ ያናድዳል እንጂ አያስለቅስም፤ 68000 በአፕል ማኪንቶሽ፣ በአታሪ ኤስቲ፣ በሴጋ ሜጋ ድራይቭ ውስጥ ሁሉ የገባ ቺፕ ስለሆነ ምትክ አይጠፋም። የሚያስለቅሰው ለአሚጋ ብቻ የተሠራ ቺፕ ሲጎዳ ነው፤ የሠራው ፋብሪካ የለም።

አሁን አቼቶው ይምጣ። ተራ አቼቶ ነው፣ 5 በመቶ ገደማ አሲድ ያለው። ጠጋኙ ቦርዱን አላጠለቀውም፤ የተበላው ቦታ ላይ ብቻ በጥጥ ነከረው። ቺስ አለ! ነጩ ካርቦኔት አቼቶ ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ይፈላል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሸት አደረገው፣ ጠረገው፣ እንደገና ነከረው። ፊኝታው እስኪጠፋ ድረስ ነው የሚደገመው፤ ፊኝ ያለ ቦታ ሁሉ ገና አልካሊ አለው ማለት ነው። ሲትሪክ አሲድ በውሃ በጥብጦ የሚጠቀምም አለ፣ ሎሚ የሚጨምቅም አለ። ሎሚውን እኔ አልመክርም፤ ስኳሩና ቃጫው ቀርቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

አቼቶ ራሱ አሲድ መሆኑ ግን አይረሳ። ቦርዱ ላይ ትቶት የሄደ ሰው አንዱን በላተኛ አባርሮ ሌላ አስገብቷል። ስለዚህ ጠጋኙ ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው ዓይነት ዲስቲልድ ውሃ ደጋግሞ አጠበው፤ የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለውን ማዕድን ትቶ ይደርቃል። ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል አለቀለቀው፤ አልኮሉ ውሃውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ ማድረቅ ነው፤ ሳይቸኩሉ፣ ሶኬት ሥር ያለው እርጥበት ሁሉ እስኪወጣ።

ቦርዱ አማረበት። ጀማሪ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ፎቶ ያነሳል፣ አዲስ ባትሪ ይበይዳል፣ ያበራል። አንዳንዴም ይሠራለታል! ከዓመት በኋላ ግን ምክንያቱ በማይታወቅ ሁኔታ መንተባተብ ይጀምራል። እኔ ይህን ሥራ ጽዳት ብለው ከሚጠሩት ሰዎች ጋር አልስማማም። ጽዳቱ የከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ዋናው ሥራ ፈሳሹ የሄደበትን መንገድ ሁሉ ተከትሎ መሄድ ነው፤ ዓይን በማይደርስበት ጭምር።

ዓይን የማይደርስበት የመጀመሪያው ቦታ ከሶኬቱ ሥር ነው። ጠጋኙ የፕሮሰሰሩን ሶኬት ለማንሳት ወሰነ። 64 እግር አንድ በአንድ መፍታት ማለት ነው፤ ብዙዎች እዚህ ይሳሳሉ፣ «ከላይ ጤነኛ ነው» ብለው ያልፉታል። የሊድ መበየጃውን አሞቀና የመጀመሪያውን እግር ነካው። ሊዱ አልቀለጠም። አልካሊ የነካው ሊድ አመድማ ይሆናል፣ ላዩን ኦክሳይድ ለብሶ ሙቀት አይቀበልም። ልምድ የሌለው ሰው ሙቀቱን ይጨምራል፣ ይጫናል፤ ያን ጊዜ መዳቡ ከቦርዱ ጋር ያጣበቀው ነገር ይለቅና የመበየጃው ክብ ከነመስመሩ ተልጦ ይነሳል። ጠጋኙ እንዲህ አላደረገም። ላዩን በስለት ፋቅ አደረገ፣ ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳውን ፍለክስ ቀባ፣ አዲስ ሊድ ጨመረበት። አዲሱ ሲቀልጥ አሮጌውን ይዞት ቀለጠ፤ በሊድ መምጠጫ ሳበው። አንድ ወጣ፤ ሌላው ቀጠለ፤ ሻይ ቀዘቀዘ።

ሶኬቱ ሲነሳ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ከላይ ሲታይ ንጹሕ የነበረው ቦታ ከሥሩ እርጥብ ነበር። አረንጓዴ፣ የሚያዳልጥ እርጥብ። ያን ሁሉ እጥበት ተቋቁሞ እዚያ ተቀምጧል። አቼቶው እንደገና፣ ውሃው እንደገና፣ አልኮሉ እንደገና።

ከዚያ መፋቅ። የመስታወት ክር ብዕር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ጫፉ ላይ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች የታሰሩበት። ያበጠውን ሽፋን በእርሱ ሲፍቁት ከሥሩ መዳቡ ይወጣል። ቀይ ሆኖ ካበራ ድኗል፤ ሊድ በስሱ ቀብቶ ማለፍ ነው። ጥቁር ሆኖ እንደ ዱቄት ከተነሳ መስመሩ የለም። የብዕሩ ብናኝ ጣት ውስጥ ገብቶ የሚያሳክከው ለቀናት ነውና ጓንቱ አይውለቅ፣ ብናኙም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ እፍ አይባል።

አሁን መልቲ ሜትሩን አነሳ። የአሚጋ 2000 የሰርኪት ካርታ ኮሞዶር በጥገና መጽሐፉ ያወጣው ስለሆነ ዛሬም ይገኛል። ደግነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ ከጥገና ቤት የወጣ ኩባንያ ነው ብዬአችሁ አልነበር? ብዙዎቹ የዛሬ ሠሪዎች ካርታውን ለሕዝብ አያወጡም። ጠጋኙ ካርታውን ዘርግቶ ከ68000 እግር ተነስቶ እያንዳንዱን መስመር እስከ መድረሻው ተከተለ። 16 የዳታ መስመሮች አሉ፣ 23 የአድራሻ መስመሮች አሉ፣ ከእነርሱ በላይ የትእዛዝ መስመሮች አሉ። አንዱን ጫፍ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ያስነካል፤ ጢጥ ካለ መስመሩ አለ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ዝም። ዝም ያለውን ካርታው ላይ በቀይ ያሰምርበታል።

ጢጥ ማለቱም ሁልጊዜ አይታመንም። መስመሩ ተበልቶ ተበልቶ አንዲት ስስ ክር ብቻ ቀርታው ከሆነ መልቲ ሜትሩ ጢጥ ይላል፤ ማሽኑ ሞቆ ቦርዱ ትንሽ ሲለጠጥ ግን ያቺ ክር ትበጠሳለች። ለዚህ ነው ጠጋኙ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በማጉያ መነጽርም ያየው፤ የተጠራጠረውንም እንደ ሞተ የቆጠረው። በእኔ አስተያየት በዚህ ሥራ ጥሩውን ባለሙያ ከመካከለኛው የሚለየው ይኸው ነው፤ የሚሠራ የሚመስለውን መስመር መጠርጠር።

የጠፉትን መስመሮች በቀጭን ሽቦ ተካቸው። ሩብ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ስስ ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ነው። ጫፉን ላጥ አድርጎ፣ በሊድ ነክሮ፣ የቀድሞውን መስመር መንገድ እያስከተለ አነጠፈው። አንዳንዱ ጠጋኝ በአቋራጭ፣ በአየር ላይ ይዘረጋዋል፤ ይሠራል፣ ግን ነገ ሌላ ሰው ቦርዱን ሲያነሳ ጣቱ ይጠልፈዋል። አዲስ ሶኬትና ምትክ ፕሮሰሰር ገባ። የተፋቀው መዳብ ሁሉ በአልትራቫዮሌት መብራት በሚደርቅ አረንጓዴ ሽፋን ተቀባ፣ አየር እንዳያገኘው።

በራ። አሚጋ ሲነሳ በስክሪኑ ቀለም ነው ሕመሙን የሚናገረው። ቀይ ከሆነ መነሻ ፕሮግራሙን የያዘው ቺፕ፣ ሮሙ ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ ሚሞሪው ነው፣ ቢጫ ከሆነ ፕሮሰሰሩ መንገድ ስቶ ወድቋል። ደህና ከሆነ ከጥቁር ግራጫ ወደ ፈዛዛ ግራጫ፣ ከዚያ ወደ ነጭ ያልፋል። የጠጋኙ ማሽን አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ጠጋኙ ግን ተደሰተ! አረንጓዴ ማለት ፕሮሰሰሩ ነቅቶ ሚሞሪውን ለመፈተሽ በቅቷል ማለት ነው፤ ትናንት ሬሳ ነበር። ወደ ካርታው ተመለሰ፤ ከቦርዱ በስተጀርባ፣ በአንዲት ቀዳዳ ውስጥ የተበላ መገናኛ አገኘ፣ በሽቦ አሳልፎ በየደው። እንደገና አበራ። ነጭ። ከዚያም አሚጋ የነበረው ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሥዕል መጣች፤ ሰማያዊ ዲስክ የያዘች እጅ። ዲስክ አስገቡልኝ ማለቷ ነው።

የቀረው የባትሪው ጉዳይ ነው። ያችኑ ዓይነት በርሜል መልሶ የሚበይድ ሰው አለ፤ ለልጅ ልጆቹ ያንኑ ጣጣ እያወረሰ ነው። ሲአር 2032 የሚባለውን የሳንቲም ቅርጽ ያለው የሊቲየም ባትሪ የሚያስገባ አለ፤ ይህ ይሻላል፣ ግን የሚሞላ ባትሪ አይደለም። ቦርዱ የድሮዋን በርሜል ሊሞላ የተሠራ ስለሆነ ሳንቲሟንም ሊሞላ ይሞክራል፣ አደጋም አለው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው እንዳይመለስ ዳዮድ በመካከሉ መግባት አለበት። እኔን ብትጠይቁኝ ግን፣ ምንም አታስገቡ። አሚጋ ያለ ባትሪ ፍጹም ደህና ይሠራል። የሚጎድልበት ቀኑን ማወቅ ብቻ ነው፤ ቀን ደግሞ ግድግዳው ላይ ካላንደር አለ።

እንግዲህ እኛ ደጅ የሚደርስበት ቦታ ደርሷል። አሚጋ አገራችን ብዙም አልታየም። ያቺ ሰማያዊ በርሜል ግን በደንብ ገብታለች፤ በአይቢኤም ዓይነቶቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ፣ በ286ቱ፣ በ386ቱ፣ በመጀመሪያዎቹ 486ቶች ቦርድ ላይ ተበይዳ። እዚያ ቦታዋ ብዙ ጊዜ ከኪቦርድ መሰኪያው አጠገብ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምትበላው ኪቦርዱን የሚቆጣጠረውን ቺፕ መስመሮች ነው። ማሽኑ ይነሳል፣ ኪቦርድ የለም ብሎ ይቆማል። ሰውም አዲስ ኪቦርድ ይገዛል፤ ያም አይሠራም።

ከዚያ በፊትም ምልክት አላት። የእነዚህ ማሽኖች ሥርዓተ ክወና የሆነው ዶስ ቀን ሲጠፋበት ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ይመለሳል፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 መሆኑ ነው። በዚያ ቀን የተጻፈ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ውስጥ ካገኛችሁ፣ ጸሐፊዋን አትውቀሷት። ከአሚጋ የሚለየውም አለ፤ እነዚህ ማሽኖች የሃርድ ዲስካቸውን ዓይነት የሚያስታውሱት በባትሪው ነው። ባትሪው ሲሞት ዲስኩ በሙሉ ጤንነቱ ተቀምጦ ማሽኑ «ዲስክ የለኝም» ይላል። ስንት ሃርድ ዲስክ እንዲህ በስህተት ሞተ ተብሎ ተጥሎ ይሆን።

ጉዳዩ የናፍቆት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አላደክማችሁም ነበር። ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት የጋራ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ የግእዝን ፊደል ያካተተው በ1999፣ በሦስተኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር ሲጻፍ እያንዳንዱ የመጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። ስለዚህ በዶስ ዘመን የተጻፈ የአማርኛ ድርሰት፣ ቃለ ጉባኤ፣ የጋዜጣ ረቂቅ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ያው የተጻፈበት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ያለው ደግሞ በዚያው ማሽን ሃርድ ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ፋይሉንም ፕሮግራሙንም ገልብጦ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የድሮውን ዶስ አስመስሎ ማስነሳት ይቻላል። መጀመሪያ ግን ዲስኩ አንድ ጊዜ መነበብ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ የቀለለው መንገድ ያው አሮጌ ማሽን መነሳቱ ነው።

እናም አደራዬ ይህ ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ መጋዘን፣ በአባታችሁ ቁም ሣጥን ላይ፣ በማተሚያ ቤቱ ጓሮ፣ ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ ወይም ከ90ዎቹ መጀመሪያ የቀረ ኮምፒውተር ካለ፣ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» ብላችሁ አታብሩት። ክዳኑን ፍቱ፣ ቦርዱን በባትሪ መብራት ፈትሹ። በርሜል ካገኛችሁ፣ ደርቃም ይሁን ፈስሳ፣ ጓንት አድርጋችሁ እግሮቿን ቆርጣችሁ አውጧት። በሊድ መጫወት የማትችሉ ብትሆኑ እንኳ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካያችሁ በአቼቶ፣ በዲስቲልድ ውሃ፣ በአልኮል፣ በዚህ ቅደም ተከተል ጥረጉት፤ የቀረውን ለሚያውቅ ሰው ተዉለት። በርሜሏን ግን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣሏት፣ እሳት ውስጥም አትክተቷት። ካድሚየም አለባት።